ዮሐንስ ኬፕለርና የእናቱ ክስ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 7 ቀን 1620 ሌሊት፣ በደቡብ ጀርመን በቩርተምበርግ መስፍን ግዛት ውስጥ ሆይማደን በተባለች መንደር፣ የመንግሥት ሰዎች ወደ አንድ የሉተራውያን ቄስ ቤት ገቡ። የቄሱ አማት፣ ዕድሜዋ ሰባ ያለፈ አሮጊት፣ ከተኛችበት ተነሥታ ተያዘች። ሁካታ እንዳይነሣ በትልቅ ሣጥን ውስጥ አስገብተው እንደ ዕቃ ተሸክመው አወጧት። ክሱ ጥንቆላ ነበር። የአሮጊቷ ስም ካታሪና ኬፕለር ሲሆን፣ የበኩር ልጇ ዮሐንስ በዚያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ የሒሳብ ሊቅ ነበር። ፕላኔቶች ፀሐይን ከሚዞሩባቸው ሕጎች ሦስተኛውን ያሳተመው ገና በፊተኛው ዓመት ነው።

የኬፕለር ስም ሲነሣ ትምህርት ቤት የዋለ ሁሉ የሚያስታውሰው እነዚያኑ ሦስት ሕጎች ነው። ከሥራው ዘመን ስድስት ዓመት ያህል የወሰደበት የእናቱ ጉዳይ ግን ብዙም አይነገርለትም። ሁለቱን ነጣጥሎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም፣ ሰማይን የመረመረበትና የምስክሮችን ቃል የመረመረበት አእምሮ አንድ ስለ ነበረ፣ ታሪኩን አብሮ መተረክ ይሻላል።

ዮሐንስ ኬፕለር ዲሴምበር 27 ቀን 1571 ቫይል ዴር ሽታት በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ለከፈለው ሁሉ የሚዋጋ ቅጥር ወታደር ነበር፤ ቤቱን እየጣለ ይዘምት፣ ሲመለስም ሰላም ይነሳ ነበርና፣ በመጨረሻ ልጁ ወጣት ሳለ እንደ ወጣ ቀረ። እናቱ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ልጅ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቅጠልና ሥር እየለቀሙ መድኃኒት መቀመም ግን ታውቅበታለች። ምላሷ ስለታም፣ በሰው ጉዳይ ገብታ ለመናገር የማትፈራ፣ ከጎረቤት ጋርም ቶሎ የምትጣላ ሴት ነበረች። ልጇ ራሱ በወጣትነቱ ስለ ጠባይዋ ሲጽፍ አላሞገሳትም። ይሁንና በ1577 ያ ታላቅ ጅራታም ኮከብ በታየ ጊዜ፣ ስድስት ዓመት ገና ያልሞላውን ልጅ ከፍ ካለ ቦታ ላይ አውጥታ ያሳየችው እሷ ነበረች። ሕፃኑ በፈንጣጣ ምክንያት ዓይኑ ደክሞ ስለ ነበር፣ በዕድሜው ሙሉ ከዋክብትን አጥርቶ ማየት አልቻለም። የሰማይን ሥርዓት ያገኘው ሌሎች አይተው የመዘገቡትን በማስላት ነው።

የቩርተምበርግ መስፍን ለድኻ ልጆች ይሰጥ በነበረው የነፃ ትምህርት ዕድል ተምሮ፣ በ1589 ቲቢንገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ሐሳቡ ቄስ መሆን ነበር። በዚያ ሚካኤል ሜስትሊን የተባለው መምህር የኮፐርኒክን ትምህርት፣ ማለትም ምድር ፀሐይን ትዞራለች የሚለውን፣ አስተዋወቀው። ትምህርቱን ሳይጨርስ በ1594 ግራዝ በሚገኝ የፕሮቴስታንቶች ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር እንዲሆን ተላከ። የመጀመሪያ መጽሐፉን በ1596 አወጣ፤ በ1597 አገባ። ነገር ግን የአገሩ ገዥ አርክዱክ ፈርዲናንድ ጽኑ ካቶሊክ ነበርና በ1598 የፕሮቴስታንት መምህራንን አባረረ። ኬፕለር ለጊዜው እንዲመለስ ቢፈቀድለትም፣ ሃይማኖቱን አልለውጥም በማለቱ በ1600 ከነቤተ ሰቡ ወጣ። እንጀራውን ለኅሊናው የለወጠበት የመጀመሪያው ጊዜ ይህ ነበር፤ የመጨረሻው ግን አልሆነም።

ፕራግ ደርሶ ከዴንማርኩ ባላባት ከቲኮ ብራሄ ጋር መሥራት ጀመረ። ቲኮ ቴሌስኮፕ ባልነበረበት ዘመን በትላልቅ የብረትና የእንጨት መለኪያዎች የሰማይን አካላት ቦታ ከእሱ በፊት ማንም ባልደረሰበት ጥራት የለካ ሰው ነው። በ1601 ሲሞት መዝገቡም፣ የንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ የሒሳብ ሊቅነት ሹመትም ለኬፕለር ተረፉ። ኬፕለር የማርስን ጉዞ በክብ ምህዋር ለማስላት ብዙ ደክሞ፣ በመጨረሻ ከቲኮ ልኬት ጋር በ8 ደቂቃ ማዕዘን ብቻ የሚለያይ ውጤት አገኘ። ይህ ሙሉ ጨረቃ ለዓይን ከምትታይበት ስፋት ሩብ ያህል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የመለኪያ ስሕተት ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ኬፕለር ግን ቲኮ ይህን ያህል እንደማይሳሳት ስላወቀ፣ የደከመበትን ስሌት ሁሉ ጥሎ እንደ ገና ጀመረና ምህዋሩ ሞላላ መሆኑን ደረሰበት። ውጤቱን ያሳተመው በ1609 ነው። በዚህ ሙያ ላይ ለሚውል ሰው ከሕጎቹ ይልቅ ይህች ስምንት ደቂቃ የበለጠ ትናገራለች።

የፕራግ ዘመን በ1611 በአንድ ዓመት ውስጥ ፈረሰ። ሚስቱና አንድ ልጁ ሞቱ፤ ሩዶልፍም ዙፋኑን አጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በተከታዩ ዓመት ሲሞት ለኬፕለር ያልተከፈለ ደመወዝ ነበረ። ኬፕለር በ1612 ወደ ሊንዝ ሄደ። እዚያም ካቶሊክ አልሆንም ብሎ የተሰደደውን ሰው የራሱ የሉተራውያን ቤተ ክርስቲያን ከቅዱስ ቁርባን ከለከለችው፤ ምክንያቱም የክርስቶስ ሥጋ በሁሉም ስፍራ ይገኛል የሚለውን አንቀጽ ያለ ማመንታት አልፈርምም በማለቱ ነበር። በ1619 የቲቢንገን የነገረ መለኮት ሊቃውንት፣ የገዛ መምህሮቹና ወዳጆቹ፣ ክልከላውን አጸኑት። ለመፈረም አንድ የብዕር ጭረት ይበቃው ነበር።

በሊንዝ በ1613 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ ለቤቱም የወይን ጠጅ በርሜሎች ገዛ። ነጋዴው የበርሜሉን ይዘት የለካው በመሐሉ ቀዳዳ አንድ ዘንግ በሰያፍ እስከ ታችኛው ጠርዝ ሰዶ፣ በዘንጉ ላይ ያለውን ምልክት በማንበብ ብቻ ነበር። ኬፕለር ይህ አሠራር እንዴት እውነት ሊሆን ይችላል ብሎ ተነሣና በ1615 አንድ መጽሐፍ ጻፈበት። በውስጡም የኦስትሪያ በርሜል ቅርጽ ለዚያ የዘንግ ርዝመት ከፍተኛውን ይዘት ወደሚሰጠው መጠን የቀረበ መሆኑን፣ በዚያ አካባቢም ቅርጹ ጥቂት ቢዛባ ይዘቱ ብዙ እንደማይለወጥ አሳየ። ኋላ ካልኩለስ ለተባለው ትምህርት መንገድ ከጠረጉት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። በርሜል ሠሪዎቹ ሳይማሩ የደረሱበትን ልክ በማድነቁም የሙያ ትሕትናው ይታያል።

መጽሐፉ በወጣበት በዚሁ ዓመት መጨረሻ ላይ ከእኅቱ ከማርጋሬታ ደብዳቤ መጣ።

ካታሪና ትኖርበት በነበረው ሌዮንበርግ ከተማ፣ ኡርሱላ ራይንቦልት የተባለች የመስታወት ገጣሚ ሚስት ለረጅም ጊዜ ትታመም ነበር። ከካታሪና ጋር ቀድሞ ወዳጅ ነበሩ፤ በኋላ ከካታሪና ልጅ ጋር በገንዘብ ተጣሉ። ያን ጊዜ ኡርሱላ ሕመሟ የጀመረው ካታሪና ያጠጣቻትን መጠጥ ከቀመሰች ወዲህ መሆኑን ማውራት ጀመረች። ወንድሟ በመስፍኑ ቤት የታወቀ ፀጉር አስተካካይና ወጌሻ ነበር። ከከተማው ገዥ ከሉተሩስ አይንሆርን ጋር ሲጠጡ ውለው፣ ካታሪናን አስጠርተው፣ ሰይፍ መዝዘው፣ ያስታመምሻትን በዚያው መተትሽ ፈውሻት አሉ። አሮጊቷ አላሳመምኳትም፣ ልፈውሳትም አልችልም ብላ ጸናች። በዚያች ሰዓት በፍርሃት አንድ ነገር ሞክራ ቢሆን ኖሮ ሌላ ማስረጃ ባላስፈለገ ነበር።

ልጆቿ የስም ማጥፋት ክስ መሠረቱ። ክሱ የሚሰማው ግን ሰይፉ ሲመዘዝ አጠገብ በነበረው በአይንሆርን ችሎት ነበር። እሱም በዚያው ክረምት በርካታ ሴቶችን በጥንቆላ ከስሶ ያስገደለ ሰው ነው። ጉዳዩ ሳይታይ ተጓተተ። በ1616 መጸው ካታሪና በመንገድ ላይ ጡብ ተሸክመው የሚሄዱ ልጃገረዶችን ስታልፍ አንዲቱን ክንዷ ላይ ነካቻት ተባለ። ልጅቱም ክንዷ መደንዘዙን ተናገረች። ካታሪና በዚህ ጊዜ ትልቅ ስሕተት ሠራች። ጉዳዩ ወደ በላይ እንዳይተላለፍና የፊተኛው ክሷ እንዲታይላት፣ ለአይንሆርን የብር ዋንጫ እሰጥሃለሁ አለችው። አይንሆርን ይህን እንደ እምነት ቃል ቆጥሮ ጻፈው። ከሳሽ የነበረችው ተከሳሽ ሆነች። በዲሴምበር ወር ወደ ልጇ ወደ ሊንዝ ሸሸች፤ ሽሽቷም በበኩሉ ሌላ ማስረጃ ሆኖ ተመዘገበ።

እነዚያ ዓመታት ለጀርመን አገር ክፉ ነበሩ። አዝመራው በብርድና በበረዶ ይጠፋል፤ ከብቱ ይሞታል፤ ሰውም ምክንያት ይፈልጋል። በአቅራቢያው ባለችው ኤልቫንገን በተባለች አነስተኛ ግዛት ከ1611 እስከ 1618 ባለው ጊዜ 400 ያህል ሰዎች በዚህ ክስ ተገድለዋል። በመላው አውሮፓ የተገደሉትን የታሪክ ጸሐፊዎች ከ40,000 እስከ 60,000 ይገምቷቸዋል፤ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ከእነሱም መካከል ብዙዎቹ አሮጊቶችና መበለቶች ነበሩ። ቩርተምበርግ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር ሊባል ይችላል። በ1532 በወጣው የንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ የወንጀል ሕግ መሠረት፣ በቂ ፍንጭ ሳይቀርብ ተከሳሽን ማሠቃየት ክልክል ነበር። የከተማ ገዥ በራሱ ፈቃድ ሊያሠቃይ አይችልም፤ መዝገቡ ወደ ሽቱትጋርት መላክ፣ የቲቢንገን የሕግ መምህራንም አስተያየት መጠየቅ ነበረባቸው። ይህ አሠራር ዝግተኛና ውድ ነበር። በሌሎች ግዛቶች ግን ይህ ዝግታ ባለመኖሩ ሰው በሳምንታት ውስጥ ተይዞ፣ ተሠቃይቶ፣ አምኖ ይቃጠል ነበር።

ካታሪና በ1617 ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ኬፕለርም በዚያው ዓመት መጸው ሄዶ ወደ ሊንዝ እንዲወስዳት ፈቃድ ጠየቀ። ከዚያ ጉዞ በፊትና በኋላ ሁለት ሕፃናት ሴት ልጆቹ ሞቱ። ሐዘኑ ለረቂቅ ስሌት ስላላስቻለው፣ የዓለምን ስምምነት ወደሚያስሰው መጽሐፉ ዞረ። ሜይ 15 ቀን 1618 ፕላኔቱ ፀሐይን ዞሮ የሚጨርስበት ጊዜ ካሬ ከአማካይ ርቀቱ ኩብ ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን አረጋገጠ። ከስምንት ቀን በኋላ በፕራግ የንጉሠ ነገሥቱ ሹማምንት በመስኮት ተወረወሩና የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ተጀመረ።

ካታሪና በተያዘች ጊዜ ጦርነቱ ሊንዝ ደርሶ ነበር። ኬፕለር ነፍሰ ጡር ሚስቱንና ልጆቹን ሬገንስቡርግ አድርሶ፣ በሴፕቴምበር ወር እናቱ ወደ ታሰረችበት ሄደ። ወንድሙ ክሪስቶፍ በሌዮንበርግ የቆርቆሮ ዕቃ አንጥረኛ ነበርና፣ የሚኖረው ከከተማው ሰው ፊት ነው። አማቹም ቄስ በመሆኑ የሚፈራው ስም ነበረው። ሁለቱም ነገሩ ከእነሱ እንዲርቅ ፈለጉ፤ በክሪስቶፍ ልመና ችሎቱ ወደ ጊግሊንገን ተዛወረ። በእነሱ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የጠንቋይ ልጅ የተባለ አንጥረኛ ከማን ገበያ ያገኛል? ኬፕለርም ቢሆን የሚያጣው ሹመትና ስም ነበረው።

ካታሪናን በሰንሰለት አስረው ሁለት ዘበኞች አቆሙባት። ዘበኞቹ የሚከፈላቸው ከተከሳሿ ገንዘብ ነበር፤ ለማሞቂያ የሚነደው እንጨት ሳይቀር ከእሷ ሂሳብ ይቆረጥ ነበር። ሰባ ሦስት ዓመት የሆናትን፣ ጥርስ የሌላትን ሴት ለመጠበቅ ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ኬፕለር አጥብቆ ጠየቀ፤ ከሞት በፊት ንብረቷ እንዳያልቅ ፈርቶ ነበርና።

ክሱ 49 አንቀጽ ነበረው። አንድ መምህር እግሩ ሽባ የሆነው ካታሪና በሰጠችው መጠጥ ነው ይላል፤ አንድ ሥጋ ሻጭ ስታልፍ ጭኑን አመመኝ ይላል፤ የልብስ ሰፊ ልጆች ሞተዋል፤ ከብቶች ታመዋል። ምስክሮች ሲናገሩ እንደ እኩዮቿ እንባ አላወጣችም፣ ሰውንም ፊት ለፊት አታይም ተባለ። ካታሪና በዕድሜዬ ብዙ ስላለቀስኩ እንባዬ አልቋል የሚል መልስ ሰጠች። ከሁሉ የከፋው ግን የራስ ቅሉ ነገር ነበር። በጥንት ዘመን ሰዎች ከወላጆቻቸው የራስ ቅል መጠጫ ይሠሩ እንደ ነበር ሰምታ፣ የአባቷን የራስ ቅል ቆፍሮ እንዲሰጣትና ለልጇ ለሊቁ በብር የተለበጠ ዋንጫ ልታሠራለት መቃብር ቆፋሪውን ጠይቃው ነበር። ይህን አልካደችም።

ኬፕለር የሕግ ሰው አልነበረም። በቲቢንገን የሕግ መምህር የሆነው ወዳጁ ክሪስቶፍ ቤሶልት ቢመክረውም፣ የመከላከያው ሥራ በአብዛኛው የእሱ ነበር። የከሳሹ ወገን በቃል መናገር ሲፈልግ፣ እሱ ሁሉም ነገር በጽሑፍ እንዲቀርብ ጠየቀ። የችሎቱ ጸሐፊ በመዝገቡ ላይ ተከሳሿ ከሒሳብ ሊቁ ልጇ ጋር መቅረቧን ሲያሰፍር፣ እንደ አለመታደል ቆጥሮት አንዲት የማዘን ቃል ጣል አድርጎበታል። ጽሑፍ እንደሚቀር፣ ቀርቶም እንደሚመረመር ገብቶት ኖሯል።

በ1621 የቀረበው የመጨረሻው የመከላከያ ጽሑፍ 128 ገጽ ሲሆን፣ ብዙው ክፍል በኬፕለር በራሱ እጅ የተጻፈ ነው። አሠራሩ የማርስን መዝገብ የመረመረበት ነው። እያንዳንዱ ምስክር ያየውን ከሰማው፣ ወሬው ከመነሣቱ በፊት የተናገረውን ከተነሣ በኋላ ካስታወሰው ለየ። ኡርሱላ ሕመሟ የጀመረበትን ጊዜ በተለያየ ቀን የተለያየ አድርጋ መናገሯን፣ ከዚያም በፊት ትታመምና መድኃኒት ትወስድ እንደ ነበረ አሳየ። መምህሩ ሽባ የሆነው ቦይ ሲዘል ወድቆ ነው። የልጅቱ ክንድ የደነዘዘው ከአቅሟ በላይ ጡብ ተሸክማ ነው፤ በጥቂት ቀናትም ድኗል። በቅጠል ማከም ጥንቆላ ከሆነ፣ የከሳሿ ወንድም የሆነው ወጌሻ ሥራ ምን ሊባል ነው? ሽሽቷን በተመለከተም፣ ሰይፍ የተመዘዘባት መበለት ወደ ልጇ ቤት መሄዷ ተፈጥሯዊ መሆኑን ገለጸ።

አንድ ነገር ግን ሳይሸሸግ መነገር አለበት። ኬፕለር ጠንቋይ የሚባል የለም ብሎ አልተከራከረም። እሱም የዘመኑ ሰው ነበረና፣ በዚያ ችሎት ፊት እንዲህ ብሎ መናገር ለእናቱ አይጠቅማትም ነበር፤ ምናልባትም አላሰበውም። የተከራከረው ይህች ሴት በዚህ ማስረጃ ጠንቋይ ልትባል አይገባም በማለት ነው። ነገሩን ከሰማይ አውርዶ በቀንና በሰዓት፣ በመጠንና በምክንያት ስለ ያዘው፣ ዳኞቹ ሃይማኖታቸውን ሳይክዱ ሊቀበሉት የሚችሉት መልስ ሆነ። ከዚህ የሰፋ ክርክር ያነሣ ሰው ኋላ መጥቷል፤ የታሰረችውን ሴት ለማዳን ግን የጠበበው ነበር የሚያስፈልገው።

መዝገቡ ወደ ቲቢንገን የሕግ መምህራን ተላከ። እነሱም ነጻ ናት አላሉም፤ ትሠቃይም አላሉም። የማሠቃያ መሣሪያዎቹን አሳይታችሁ አስፈራሯት፣ አካሏን ግን አትንኩ ብለው ወሰኑ። ይህ በሕጉ የታወቀ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ነበር። ሴፕቴምበር 28 ቀን 1621 ካታሪናን ወደ ማሠቃያው ቦታ አግብተው፣ ቀጣፊው እያንዳንዱን ብረት እያነሣ ምን እንደሚሠራ ነገራት። ልጇ ከጎኗ እንዲሆን አልተፈቀደለትም። አሮጊቷ ጅማቴን አንድ ባንድ ብትመዝዙት እንኳ የማምነው ነገር የለኝም አለች፤ ተንበርክካም አባታችን ሆይን ደገመች፤ እግዚአብሔር እውነቱን ይገልጠዋል ብላ ዝም አለች። በዚህ ነጻች። በኦክቶበር መጀመሪያ ከአሥራ አራት ወር እስራት በኋላ ተለቀቀች። የሌዮንበርግ ሰዎች እንዳትመለስ ስለ ዛቱ ወደ ቤቷ አልገባችም። ኤፕሪል 13 ቀን 1622 ሞተች።

ኬፕለር ወደ ሊንዝ ተመለሰ። ከናፒየር ሐሳብ ተነሥቶ የራሱን የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ በ1624 አሳተመ፤ የቲኮን መዝገብ መሠረት ያደረገውን ታላቁን የፕላኔቶች ሠንጠረዥ ደግሞ በ1627 ኡልም ውስጥ በራሱ ወጪ አሳተመ። ሊንዝም በተራዋ ፕሮቴስታንቶችን ስላባረረች፣ የመጨረሻ ዓመታቱን ዛጋን ውስጥ በጦር አለቃው በቫለንሽታይን ጥላ ሥር ኖረ። በ1630 መጸው ያልተከፈለውን ገንዘብ ለመጠየቅ በፈረስ ወደ ሬገንስቡርግ ተጓዘ። በዚያ ታሞ ኖቬምበር 15 ቀን አረፈ። ከከተማው ቅጥር ውጭ የነበረውን መቃብሩን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወታደሮች አፈረሱት፤ ዛሬ ቦታው አይታወቅም።

በሣጥኑ ውስጥ አንድ ያላሳተመው ጽሑፍ ተገኘ። በፕራግ ሳለ በ1609 የጀመረው፣ ወደ ጨረቃ ስለሚደረግ ጉዞ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። በትረካው ውስጥ ቅጠል ቀምማ የምትሸጥ እናት መንፈስ ጠርታ ልጇን ስለ ጨረቃ አገር ታስተምረዋለች። የጽሑፉ ግልባጭ ከእጁ ወጥቶ ወደ ትውልድ አገሩ አካባቢ ደርሶ ስለ ነበር፣ የእናቱን ወሬ ያቀጣጠለው ይህ ይሆን ብሎ ኬፕለር ሲጨነቅ ኖሯል። ከ49ኙ አንቀጾች ዋናው የጎረቤት ጠብ ቢሆንም፣ እሱ ግን ጥርጣሬው አልለቀቀውም። ከእናቱ ሞት በኋላ በነበሩት ዓመታት ለዚያች አጭር ትረካ 223 ማስታወሻዎች ጻፈላት፤ መንፈሱ የሥነ ፈለክ ትምህርት፣ የእናቲቱም ጥበብ ካለ ንድፈ ሐሳብ በልምድ የሚገኝ ዕውቀት ምሳሌ መሆኑን እየዘረዘረ። መጽሐፉን ልጁ ሉድቪግ በ1634 አሳተመው፤ በድኽነት ለቀረችው መበለት መርጃ እንዲሆን።